«መርፌውን እችለዋለሁ፤ ማታውን ነው የማልችለው»፦ ስለ ዓይን መርፌ ሕመምና ስለ ፀረ-ብግነት ጠብታ

ጥያቄው፦ «ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 63 ዓመቷ ነው። ስኳርና ደም ግፊት አለባት። በስኳሩ ምክንያት የቀኝ ዓይኗ ሬቲና ውኃ ቋጥሯል ተብላ በየወሩ ዓይኗ ውስጥ መርፌ ትወጋለች። እስካሁን ሦስት ተወግታለች። ስትወጋ ብዙም አያማትም። ማታ ግን ዓይኗ ይቃጠላል። አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራታል፣ እንባዋ ይፈሳል፣ እስኪነጋ አትተኛም። ሲነጋ ይሻላታል። አሁን ‹መርፌውን እችለዋለሁ፤ ማታውን ነው የማልችለው፤ ይቅርብኝ› ብላለች። ውጭ አገር ያለች የአክስቴ ልጅ ከመርፌው በፊት የፀረ-ብግነት ጠብታ ቢደረግ ሕመሙን ይቀንሳል አለችኝ። እውነት ነው? ከፋርማሲ ገዝቼ ላድርግላት? ቀጠሮዋ የፊታችን ሐሙስ ነው። የምንኖረው አራት ኪሎ ነው።»

እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ።

መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ። የአክስትሽ ልጅ እውነቷን ነው። ከመርፌው በፊት የሚደረግ አንድ የፀረ-ብግነት፣ ማለትም የዓይንን መቆጣት የሚከላከል፣ ጠብታ ከመርፌው በኋላ ያለውን ሕመም ይቀንሳል። ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። በራስሽ ገዝተሽ ግን አታድርጊላቸው። ሐኪማቸው ይዘዝላቸው። ምክንያቱን ወደ ታች እነግርሻለሁ። ደግሞ አንቺ ከጻፍሽው ምልክት ስነሳ፣ የእናትሽን እንቅልፍ የሚነሳው መርፌው ራሱ አይመስለኝም። ጀርም ለመግደል ዓይናቸው ላይ የሚደረገው አዮዲን ይመስለኛል። እንደዚያ ከሆነ ጠብታው ብቻውን አይበቃም፤ አብረው መደረግ ያለባቸው ነገሮች አሉ።

«ይቅርብኝ» ያሉት ነገር ግን አስጨንቆኛል። ከሱ ልጀምር።

ስኳር ሲቆይ የሬቲናን፣ ብርሃን የሚቀበለውን የዓይን የኋላ ሽፋን፣ ቀጫጭን የደም ሥሮች ያላላል። የላላው የደም ሥር ፈሳሽ ያንጠባጥባል። ፈሳሹ ማኩላ የሚባለው ቦታ ላይ ይጠራቀማል። ማኩላ ፊደል የምናነብበት፣ የሰው ፊት የምንለይበት የሬቲና መሐል ነው። «ውኃ ቋጠረ» የተባላችሁት ይሄ ነው። የሚወጉት መድኃኒት የደም ሥሩን እንዲያንጠባጥብ የሚያደርገውን ንጥረ ነገር ይይዛል። ግን መድኃኒቱ ዓይን ውስጥ የሚሠራው ለሳምንታት ነው። ሲያልቅ ፈሳሹ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ለዚህ ነው በመጀመሪያዎቹ ወራት በየወሩ የሚደጋገመው። ዓይኑ ሲረጋ መርፌው ይራራቃል። ሦስት ላይ ማቆም ማለት የተለፋበትን ግማሽ መንገድ ላይ መተው ነው።

ከዓመታት በፊት የማክማቸው አንድ አባት ነበሩ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሦስት መርፌ ተወጉና ጠፉ። ከስምንት ወር በኋላ ልጃቸው እጃቸውን ይዞ አመጣቸው። በሚወጉት ዓይናቸው ፊታቸው ላይ የዘረጋሁትን ጣት መቁጠር አልቻሉም። ለምን እንደቀሩ ስጠይቃቸው «ቡናም እኮ ከሦስተኛው በኋላ የለም፤ በረካዬን ጠጥቻለሁ ብዬ ነው» አሉኝ። ትንሽ ቆየት ብለው እውነቱን ነገሩኝ። በተወጉ ቁጥር ሌሊቱን ሙሉ ያቃጥላቸው ነበር። ለምን እንዳልነገሩኝ ስጠይቃቸው «መድኃኒት ሲሠራ ያቃጥላል ብዬ ነዋ» አሉ። ጥፋቱ የሳቸው ብቻ አልነበረም። እኔም አንድ ቀን «የዚያን ቀን ማታ እንዴት አደሩ?» ብዬ አልጠየቅኋቸውም። ከዚያ ወዲህ ለሚቀጥለው መርፌ የመጣን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ይሄንን ነው።

የኛ ሰው ሕመም ቻይ ነው። ሐኪም ፊት ሲቀርብ ደግሞ ይብሱን ይችላል። «አመመዎት?» ሲባል «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ይወጣል። ስለዚህ እናትሽ «ማታውን አልችለውም» ማለታቸው ትልቅ ነገር ነው። ያንኑ ቃል ሐሙስ ለሐኪማቸው ይንገሩት።

አሁን ወደ ሕመሙ። የዓይን መርፌ ሕመም አንድ ዓይነት አይደለም። መቼ እንደሚመጣ ካወቅሽ ከየት እንደሚመጣ ትደርሽበታለሽ።

አንደኛው የመወጋቱ ቅጽበት ነው። ሰው ሁሉ የሚፈራው እሱን ነው። ነገር ግን መርፌው የኢንሱሊን መርፌ ያህል ቀጭን ነው። የሚገባው በዓይን ነጭ በኩል፣ ከጥቁሩ ጠርዝ ከ3.5 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ራቅ ብሎ ነው። የሚገባው መድኃኒትም ብዙውን ጊዜ 0.05 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከአንድ የዓይን ጠብታ አይበልጥም። ዓይኑ አስቀድሞ ስለሚደነዝዝ አብዛኛው ሰው የሚሰማው እንደ መጫን ያለ ነገር ነው። አንዳንዱን ከመርፌው ይልቅ የዓይን ቆቡን ከፍታ የምትይዘው ሽቦ ናት የምታስቸግረው። እናትሽ በዚህ በኩል ደህና ናቸው።

ሁለተኛው ማደንዘዣው ሲለቅ የሚመጣው ነው። ማቃጠል፣ መቆርቆር፣ እንባ መፍሰስ፣ ብርሃን መፍራት። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፣ ማታ ይብሳል፣ በማግስቱ ይለቃል። የእናትሽ ይሄ ነው፤ አንቺ የጻፍሽው ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

ሦስተኛውን ወደ ኋላ አቆየዋለሁ። እሱ የማይታለፍ ነው።

ስለ አዮዲኑ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው ስለሱ ሲያወራ አልሰማም። ቡናማው ፈሳሽ ፖቪዶን አዮዲን ይባላል። ለዓይን ብዙውን ጊዜ በ5 በመቶ ተበጥብጦ ነው የሚደረገው። ዓይናችን ቆብና ሽፋሽፍት ላይ ጀርም አለ፣ ንጹሕ ሰው ቢሆንም አለ። ያ ጀርም በመርፌው ጫፍ ተገፍቶ ወደ ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይንን በቀናት ውስጥ ሊያጠፋ ይችላል። እንዲህ ያለው ኢንፌክሽን ጥቂት ነው፤ ከ2,000 እስከ 3,000 መርፌ ውስጥ አንድ ገደማ ቢያጋጥም ነው። እንዲህ ጥቂት እንዲሆን ካደረጉት ነገሮች ዋናው አዮዲኑ ነው። ስለዚህ «አዮዲኑን ተዉላት» ብለሽ እንዳትለምኚ። እሱ አይቀርም።

ይሁን እንጂ አዮዲን ጀርሙን ብቻ መርጦ አይነካም። የዓይንን የፊት መስተዋት፣ ኮርኒያን፣ የሸፈነውን ስስ ሽፋንም ይለበልባል። ኮርኒያ ደግሞ በሰውነታችን ውስጥ ነርቭ እጅግ ከበዛባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። የማደንዘዣ ጠብታው ከግማሽ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ሲለቅ የተለበለበው ሁሉ ይሰማል። በዚያ ላይ የደነዘዘ ዓይን በደንብ አይርገበገብም፣ ይደርቃል። ዕድሜያቸው የገፋና ስኳር ያለባቸው ሰዎች ዓይን ደግሞ ድሮም ደረቅ ነው። ይሄ ሁሉ ሲደመር ያቺ ሌሊት ትመጣለች።

ታዲያ ምን ይደረጋል? መርፌው እንዳለቀ ዓይኑ በንጹሕ ሳላይን፣ ለሕክምና በተዘጋጀ የጨው ውኃ፣ በደንብ ይታጠብ። ይሄ ቀላል ነገር ነው፣ ግን ለውጥ ያመጣል። ሰው ሲበዛ፣ ወረፋው ሲረዝም የምትዘለለው እሷ ናት። በጨዋ ቋንቋ «ዶክተር፣ ማታ በጣም ያቃጥላታል፤ ሲያልቅ አዮዲኑን በደንብ ቢያጥቡላት» ብትዪ የሚቆጣ ሐኪም ያለ አይመስለኝም። ይሄም ተደርጎ ካልቻሉ፣ አዮዲን በፍጹም የማይስማማቸው ሰዎች ላይ በውኃ የተበጠበጠ፣ በጣም የቀጠነ ክሎርሄክሲዲን የሚጠቀሙ ሐኪሞች አሉ። ይሄ ግን የሐኪሙ ምርጫ ነው። ለቁስል የሚሸጠው ክሎርሄክሲዲን ዓይን አጠገብ አይደርስም።

እንግዲህ ወደ ጠየቅሽኝ ጠብታ እንምጣ።

የሰውነታችን ክፍል ሲቆስል ወይም ሲቆጣ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ኬሚካል ያመርታል። ፕሮስታግላንዲን የሕመም ነርቭን ያነቃል፣ የደም ሥር ያሰፋል፣ ዓይንን ያቀላል። የፀረ-ብግነት ጠብታ የሚሠራው ይሄ ኬሚካል እንዳይመረት በመከልከል ነው። ከተመረተ በኋላ ግን አያጠፋውም። ጣራ የሚደፈነው ሰኔ ሳይገባ ነው። ጠብታውም ከመርፌው በፊት የሚደረገው ለዚህ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ። ማታ ሲያቃጥል ቢደረግ ጥቅሙ ያንሳል፤ ጠብታው ራሱ ደግሞ የተቆጣ ዓይን ላይ ሲያርፍ ያቃጥላል።

ለዚህ የተሞከሩት ኔፓፌናክ፣ ኬቶሮላክና ዲክሎፌናክ ናቸው። በተለያዩ አገሮች ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ ለአንዱ ወገን ጠብታውን፣ ለሌላው መድኃኒት የሌለበት ጠብታ ሰጥተው ያነጻጸሩ ጥናቶች አሉ። ታካሚዎቹ ሕመማቸውን ከ0 እስከ 10 በቁጥር ተናገሩ። ጠብታውን ያገኙት ሰዎች ቁጥር ዝቅ አለ። ጥቅሙ ጎልቶ የታየው ከመርፌው በኋላ ባሉት ሰዓታት ነው። በመወጋቱ ቅጽበት ግን ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ እንደ ጥናቱም ይለያያል። ስለዚህ ማታ ለሚሰቃይ ሰው ይረዳል፣ የመርፌዋን ቅጽበት ለሚፈራ ሰው ግን ያን ያህል አይደለም። የሚያመጣው ለውጥም መጠነኛ ነው። 7 የነበረ ሕመም 0 ይሆናል ብዬ ተስፋ አልሰጥሽም። እንቅልፍ የሚወስዳቸው ያህል ቢቀንስ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

እኔ ለሁሉም ታካሚ አላዝዘውም። አብዛኛው ሰው ያለሱ በሰላም ያድራል፤ ገንዘቡንም ለሚቀጥለው መርፌ ቢያስቀምጠው ይሻላል። ልክ እንደ እናትሽ ማታው ለከበደበትና መርፌውን ሊያቆም ላሰበ ሰው ግን አዝዛለሁ። የሚጠብቀኝ ጥያቄ «ሕመሙ ይገድላል ወይ?» የሚል አይደለም፤ ሕመሙ ሰውዬውን ከቀጠሮ ያስቀረዋል ወይ የሚለው ነው። የሚያስቀር ከሆነ መታከም አለበት።

አሁን «በራስሽ አትግዢ» ያልኩበትን ልንገርሽ። ሦስት ምክንያት አለኝ።

የመጀመሪያው የእናትሽ ስኳር ነው። የፀረ-ብግነት ጠብታ አንዴ ቢደረግ ችግር የለውም። ሰው ግን ጠብታውን ቤት ካገኘው አያቆምም። ባቃጠለ ቁጥር ጠብ ያደርጋል። እነዚህ ጠብታዎች ለረጅም ጊዜ ሲደጋገሙ የኮርኒያ ቁስል እንዳይድን ያደርጋሉ፤ ኮርኒያው እየሳሳ ሄዶ እስከመበሳት የደረሰባቸው ሰዎች አሉ። ይሄ የሚያሰጋው ማንን ነው? ስኳር ያለበትን፣ ዓይኑ በጣም የሚደርቅን፣ የመገጣጠሚያ ሪህ ያለበትን፣ በቅርቡ ዓይኑን ኦፕራሲዮን የሆነን ሰው። ሁለተኛው አስምና አለርጂ ነው። አስፒሪን ወይም አይቡፕሮፌን ሲወስዱ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ወይም ሰውነታቸው የሚያብጥ ከሆነ ይሄ ጠብታም አይሆናቸውም። ሐኪሙ ሳይጠይቅ አንቺ ንገሪው።

ሦስተኛው ፋርማሲ ውስጥ የሚፈጠረው መምታታት ነው። «ለዓይን ሕመም የሚሆን ጠብታ» ብለሽ ብትጠይቂ የሚሰጥሽ የፀረ-ብግነት ጠብታ ላይሆን ይችላል። ዴክሳሜታዞን ሊሆን ይችላል። እሱም ብግነት ይቀንሳል፣ ግን ስቴሮይድ ነው። ሲደጋገም የዓይን ግፊት ከፍ አድርጎ ግላኮማ ሊያመጣ ይችላል፤ ግላኮማ ደግሞ ድምፅ ሳያሰማ ነው ዕይታን የሚያጠፋው። ሲፕሮፍሎክሳሲን ሊሆን ይችላል። እሱ ፀረ-ጀርም ነው፣ ሕመም አይነካም። ከሁሉ የምፈራው ማደንዘዣውን ነው። ቴትራካይን የሚባለውን ጠብታ ከሆነ ቦታ አግኝተው ቤት የወሰዱ ሰዎች አይቻለሁ። ሲያደርጉት በሰከንድ ውስጥ ሕመሙ ጥፍት ይላል። ሰው «ተዓምር ነው» ይላል። ግን በየሰዓቱ ሲደረግ ኮርኒያውን ይበላዋል። ማደንዘዣ ጠብታ ሐኪም እጅ ላይ እንጂ ቤት ውስጥ ቦታ የለውም። በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ የማትጠፋው የቴትራሳይክሊን ቅባትም ለዚህ አይደለችም።

ሌላም ልጨምር፤ አንዳንድ ሰው «ጠብታው ብግነት ከቀነሰ የሬቲናውንም ውኃ ያደርቅልኛል፣ መርፌውን ልተወው» ይላል። አያደርቅም። አሜሪካ ውስጥ በስኳር ምክንያት ማኩላቸው ጠርዝ ላይ ውኃ የቋጠረ ሰዎች ኔፓፌናክ በቀን ሦስት ጊዜ ለአንድ ዓመት ተደርጎላቸው ተጠንቷል። የሚረባ ለውጥ አልታየም። ጠብታው የመርፌው አጋዥ ነው፣ ምትኩ አይደለም።

የሚወጉት አቫስቲን ከሆነ አንድ የሚጠቅም ነገር አለ። አቫስቲን የተሠራው ለካንሰር ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ ለአንጀት ካንሰር ተፈቀደ፤ በዓመቱ የዓይን ሐኪሞች በትንሽ በትንሹ ዓይን ውስጥ መወጋት ጀመሩ። አንዱ ብልቃጥ 100 ሚሊ ግራም ይይዛል። ለአንድ ዓይን የሚያስፈልገው 1.25 ሚሊ ግራም ነው። ስለዚህ አንዱ ብልቃጥ በንጽሕና ተከፋፍሎ ለብዙ ሰው ይሆናል፤ ዋጋው ሰው የሚችለው የሆነውም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የዓለም ጤና ድርጅት ለዓይን ሕክምና አስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ታዲያ ብልቃጡ ከተከፈተ ሰዎቹ ባንድ ቀን መሰብሰብ አለባቸው። በተወሰነች ቀን አግዳሚ ወንበሩ ሞልቶ፣ እናቶች ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ካርዳቸውን ይዘው አንድ ሰዓት ሁለት ሰዓት የሚጠብቁት ለዚህ ነው።

ያቺ የጥበቃ ሰዓት ለጠብታው የተመቸች ናት። ስማቸው ተመዝግቦ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ነርሷ አንዷን ጠብታ ብታደርግላቸው፣ ተራቸው እስኪደርስ ሥራዋን ጀምራለች። ቤት ውስጥ አድርጎ ታክሲ ውስጥ እየተንገጫገጡ ሰዓት መቁጠር አያስፈልግም። ሐኪሙ በቀጠሮው ቀን ጠዋት ካዘዘላችሁ በዚያው ቀን ይደርሳል።

አንቺ እንድታደርጊላቸው ከታዘዘሽ ደግሞ እንዲህ ነው። እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ኔፓፌናክ ከሆነ ብልቃጡን በደንብ ወዝውዢው፤ መድኃኒቱ ከታች ስለሚዘቅጥ ካልተወዘወዘ ውኃውን ነው የምታደርጊላቸው። ቀና ይበሉ። የታችኛውን ቆብ በጣትሽ ሳብ አድርጊና ኪሱ ውስጥ አንድ ጠብታ። አንድ ብቻ። ዓይን ከአንድ ጠብታ በላይ አይይዝም፤ ሁለተኛዋ በጉንጭ ነው የምትወርደው። የብልቃጡ አፍ ሽፋሽፍታቸውን አይንካ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ በጣት ለአንድ ሁለት ደቂቃ ጫን ያድርጉት። እንዲህ ካልተደረገ መድኃኒቱ በአፍንጫ ወርዶ ጉሮሮ ላይ ይመራል። ሌላ ጠብታ ካለ አምስት ደቂቃ ይቆይ።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ለዓይን መርፌ ተብሎ ጦማቸውን እንዳይመጡ። ሐኪሙ በተለይ ካላዘዘ በስተቀር ባዶ ሆድ አያስፈልግም። ስኳራቸው ወርዶ እየተንቀጠቀጡ ወንበሩ ላይ የሚጠብቁ እናቶች አያለሁ። የራበውና የፈራ ሰው ሕመሙ ይብስበታል። ቁርሳቸውን ይብሉ፣ መድኃኒታቸውን እንደ ወትሮው ይውሰዱ። ሲወጉ እጃቸውን የሚይዝ ሰው ቢኖርም ጥሩ ነው። ቀልድ እንዳይመስልሽ፤ የሚያመውን ሰው እጅ መያዝ ሕመም ይቀንሳል።

ወደዚያች ማታ ልመለስ። ቤት ከመድረሳችሁ በፊት ሰው ሠራሽ እንባ የሚባለውን ማለስለሻ ጠብታ ያዙ። ማቆያ ኬሚካል የሌለበት ከተገኘ ይመረጣል። ይሄ ከፀረ-ብግነቱ የተለየ ነው፤ አይጎዳም፣ ሊደጋገምም ይችላል። ማደንዘዣው ሳይለቅ መጀመር ነው ዘዴው። የዚያን ቀን ከሰዓት በየአንድ ሁለት ሰዓቱ አንድ አንድ ጠብታ። ፍሪጅ ውስጥ ትንሽ ቢቀዘቅዝ የበለጠ ያረጋጋል። ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ ነክረሽ፣ ጨምቀሽ፣ በተጨፈነው ዓይናቸው ላይ ሳትጫኚ ለአሥር ደቂቃ ማድረግም ይቻላል፤ ውኃው ግን ወደ ውስጥ አይግባ።

ለሚዋጥ ማስታገሻ ፓራሲታሞል ይበቃል። ባለ 500 ሚሊ ግራሙን አንድ ወይም ሁለት ፍሬ፣ ካስፈለገ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ቆይቶ ይደገም፤ በቀን ከስድስት ፍሬ አይለፍ። የጉበት ችግር ካለባቸው ሐኪም ይጠየቅ። ዲክሎፌናክ ክኒን ወይም አይቡፕሮፌን ግን አትስጫቸው። ስኳርና ግፊት ባንድ ላይ ያለበት ሰው ኩላሊቱ ቀድሞም ስጋት ውስጥ ነው። የዓይን ጠብታው በጣም ትንሽ ስለሆነ ኩላሊት አይነካም፤ ክኒኑ ግን ይነካል። ስሙ ስለተመሳሰለ ብቻ አንዱ ሌላውን አይተካም።

የነጠላ ነገር። እናቶቻችን ዓይናቸው ሲያለቅስ እጃቸው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ነጠላቸው ጫፍ ነው። የነጠላው ጥለት የፈሰሰውን እንባ እየጠረገ፣ መልሶ እየታሸ፣ የተለበለበውን ኮርኒያ ይልጠዋል። ንጹሕ ሶፍት ይያዙ። ጉንጫቸውን ይጥረጉ፣ ዓይናቸውን አይሹ። የቡና ጭስና እጣን፣ የሽንኩርት ቁሌት ለዚያ ቀን ይራቃቸው፤ ቡናው ይፈላ፣ እጣኑ ይቅር። መንገድ ላይ አቧራና ፀሐይ አለ፤ መነጽር ያድርጉ።

ጸበል የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ በአክብሮት አንድ ነገር ልበል። ይጠጡ፣ ግን ለአንድ ሳምንት ያህል ወደ ተወጋው ዓይን ውኃ አይግባ። የጸበልም የቧንቧም ውኃ ቢሆን ያው ነው፤ መርፌ የገባበት ዓይን ነው። ፊታቸውን ሲታጠቡም በእርጥብ ፎጣ በዙሪያው ይጥረጉ።

ሦስተኛውን ሕመም አቆይቼው ነበር። በማግስቱ ቀሎ የነበረ ሕመም በሁለተኛው፣ በሦስተኛው፣ በአምስተኛው ቀን ተመልሶ ከመጣ፣ ዓይናቸው እየቀላ ከሄደ፣ ዕይታቸው ጉም የለበሰ ያህል ከደበዘዘ፣ ወይም ብርሃን ማየት ካስጨነቃቸው፣ ያ አዮዲን አይደለም። ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ጠብታ አትሞክሪ፣ ፓራሲታሞል ሰጥተሽ «እስከ ሰኞ እንይ» አትበይ። እሑድም ቢሆን፣ በዓልም ቢሆን በዚያው ቀን ይታዩ። የምትታከሙበት ቦታ ዝግ ከሆነ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ከአራት ኪሎ ሩቅ አይደለም፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሐኪሞች የሚሠለጥኑት እዚያ ነው። መብረቅ የመሰለ ብልጭታ ወይም እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ካዩም እንደዚያው። በሌላ በኩል ዓይናቸው ነጭ ላይ ደም መስሎ ቀልቶ፣ ሳያም፣ ዕይታቸው ደህና ከሆነ አትደንግጪ። ትንሽ የደም ሥር ተነክቶ ነው፤ በአንድ ሁለት ሳምንት ይጠፋል። ከመርፌው በኋላ ጥቁር ክብ ነገር ሲንሳፈፍ ካዩ ብዙውን ጊዜ ከመድኃኒቱ ጋር የገባች የአየር አረፋ ናት፤ በአንድ ሁለት ቀን ትጠፋለች።

ሐሙስ ለሐኪማቸው የምትነግሪውን በአጭሩ ጽፈሽ ያዢ፣ ወረፋ ላይ ይረሳል። ሲወጉ እንደማያማቸው፣ ማታ በስንት ሰዓት እንደሚጀምራቸው፣ መቼ እንደሚለቃቸው፣ ከ0 እስከ 10 ስንት እንደሚሰጡት። አስም ወይም የአስፒሪን አለርጂ ይኑራቸው አይኑራቸው። ከዚያ ሁለቱን ጠይቂ፦ ከመርፌው በፊት አንድ የፀረ-ብግነት ጠብታ ይሆናቸዋል ወይ፣ ከመርፌው በኋላስ አዮዲኑ በደንብ ይታጠብላቸዋል ወይ። ሐኪሙ ኮርኒያቸውን ቁስል በሚያሳየው ቢጫ ቀለም አይቶ ድርቀት ወይም ቁስል ካገኘ ጠብታውን ሊከለክል ይችላል። እንደዚያ ካለሽ እመኚው፣ ማለስለሻው ላይ በርቱ።

ከፈቀደ ደግሞ ጠብታው የሚደረገው በሚወጉት በቀኝ ዓይናቸው ብቻ ነው። ግራው አይነካ።